በጎረቤቱ መድኃኒት የቀና ሸማኔ

አንድ ሸማኔ ነበረ። ጥያቄሽን አልዘነጋሁትም የሻረግ። እናትሽ ያንቺን ቤት ትታ ለምን ከእህትሽ ቤት እንደምትከርም ጠይቀሽኛል፤ ነገ ሄጄ አመጣታለሁም ብለሻል። እንዲህ ያለውን ነገር በጥድፊያ መመለስ እፈራለሁ። አስቀድመሽ ይህን ሸማኔ ስሚልኝ።

ሸማኔው ሥራውን የሚያውቅ፣ ቤቱንም የሚያስተዳድር ሰው ነበረ። አንድ ክፉ ነገር ብቻ ነበረበት፤ በጎረቤቱ ይቀና ነበር። ጎረቤቱም ሸማኔ ነው። የሽመና ጉድጓዳቸው ጎን ለጎን ስለሆነ አንዱ መወርወሪያውን ሲወረውር ሌላው ከግድግዳው ማዶ ይሰማዋል። ደንበኛ በመጣ ቁጥር ሸማኔው እጁን አቁሞ ያዳምጣል። «ያ ጥለት አዋቂው የታለ?» የሚሉት ጎረቤቱን ነው። ሰርግ ሲጠሩ ጎረቤቱን ከሙሽራው አባት አጠገብ ያስቀምጡታል፤ እሱን በር አካባቢ። ጎረቤቱ ሲያስነጥስ እንኳ መንደሩ «ይማርህ» የሚለው ጮክ ብሎ ይመስለው ነበር።

ጎረቤቱ ግን ይህን አያውቅም። ቀልደኛ ሰው ነው። ሸማኔውን እንደ ወንድሙ ያየዋል፤ ክር ሲያልቅበት ከራሱ ላይ ቀንሶ ይሰጠዋል። ሸማኔው ክሩን ይቀበላል፤ በሰጪው ግን ይናደዳል።

አንድ ክረምት ሁለቱንም ሳል ያዛቸው። ጉድጓዱ ብርድም ብናኝም አለውና መጀመሪያ ንቀውት ነበር። ሳሉ ግን አለቅ አላቸው። ሌሊት ያልባቸዋል፤ ሱሪያቸው ከወገባቸው ይወርዳል። በመጨረሻ የሸማኔው ሚስት «ሁለታችሁም ዛሬ ትታያላችሁ፤ አለዚያ እየጎተትኩ ነው የምወስዳችሁ» ብላ አፋጠጠቻቸውና አብረው ጤና ጣቢያ ሄዱ።

ነርሷ አንድ በአንድ ጠየቀቻቸው። ጎረቤቱ ከዓመታት በፊት ቲቢ ይዞት እንደነበረ፣ መድኃኒቱንም ጀምሮ ሲሻለው እንዳቋረጠ ነገራት።

«እንዲህ ከሆነ ቲቢው ተራውን መድኃኒት ተላምዶት ይሆናል» አለችው። «አይስጉ። አሁን አዲስ መድኃኒት አለ። ድሮ ከዓመት በላይ የሚፈጀው፣ መርፌም የነበረበት ሕክምና ዛሬ በክኒን በጥቂት ወራት ያልቃል። ልብዎ በየጊዜው ይታያል፤ ለምግብም ዘይትና ዱቄት ይሰጥዎታል። ብቻ አክታዎን እንየው። ማሽኑ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ ዛሬውኑ ለይቶ ይነግረናል።»

ሸማኔው አጠገባቸው ተቀምጦ ይህን ሁሉ ሰማ። «ተላምዶት ይሆናል» የሚለው በጆሮው አለፈ። «አዲስ» የሚለው ግን ልቡ ውስጥ ገባ። «በበሽታም ይብለጠኝ?» አለ በሆዱ። «ለእሱ አዲሱ፣ ለኔ ያው የሁሉም ሰው ክኒን? የሱ ልብ ሲታይ የኔ ልብ የማን ልብ ሆኖ ነው?»

ነርሷ ስማቸው የተጻፈበት ፕላስተር የተለጠፈባቸው፣ ክዳን ያላቸው ትንንሽ ዕቃዎች ሰጠቻቸው። አክታ የሚሰጠው ደጅ ነው፤ ነፋስ ባለበት፣ ሰው በሌለበት። ወደ ግቢው ጥግ ሄደው እየሳሉ ሰጡ። ጎረቤቱ ሲጨርስ ትንፋሽ አጥሮት ግንቡን ተደግፎ ተቀመጠ።

«የኔንም አንተው አስገባልኝ» አለው ዕቃውን እያቀበለው። «አደራ፣ መንገድ ላይ እንዳትቀምሰው!» ሳቀ፤ ሳቁም ወደ ሳል ተለወጠበት።

ሸማኔው ሁለቱን ዕቃዎች ይዞ ከግንቡ ወዲያ ታጠፈ። ቆመ። ግራና ቀኙን አየ። ከዚያም ሁለቱን ፕላስተሮች በጥፍሩ ቀስ አድርጎ ላጠና አለዋወጣቸው። ቀጭን ክር የለመደ ጣት ነውና የተነካ አይመስልም ነበር። በላቦራቶሪው መስኮትም አስገባቸው።

ከሰዓት በኋላ ነርሷ ጠራቻቸው። ግራ እንደገባት ያስታውቃል። «መድኃኒቱን የተላመደው ቲቢ የእርስዎ ሆኖ ተገኘ» አለችው ሸማኔውን። ለጎረቤቱም «የእርስዎ ተራው ነው፤ እንኳን ደስ ያለዎት» አለችው። ማሽኑ አልተሳሳተም፤ የተሰጠውን ነው የተናገረው። ጎረቤቱ ጎንበስ ብሎ መሬት ሳመ። ቀና ሲል ግን ሸማኔውን አየና ዓይኑ እንባ ሞላ። «አይዞህ፤ አብረን እንወጣዋለን» አለው።

ለሸማኔው እንደተመኘው ሆነለት፤ አዲሱን መድኃኒት ጀመረ። ደረቱ ላይ ሽቦ እየለጠፉ ልቡን ያዩለታል። ሐኪሙ በስሙ ይጠራዋል። ዘይትና ዱቄቱን ተሸክሞ ሲመለስ ሰው ከሩቅ ሆኖ «እግዜር ይማርህ» ይለዋል። ሳሉም ተወው። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ከጎረቤቱ በለጠ።

ቆይቶ ፊቱ ይጠቁር ጀመር፤ መድኃኒቱ ያጠቁር ነበርና። ይህን ቻለው። ቀጥሎ የእግር ጣቶቹ ደነዘዙ። ሸማኔ በእጁ ብቻ አይሠራም፤ የመርገጫውን ገመድ በእግር ጣቶቹ መሃል ይዞ ነው ድሩን የሚከፍተው። ሸማኔው ይረግጣል፤ መርገጡን ግን አያውቅም። ጨርቁ በእጁ ላይ ተበላሸ። ለነርሷ ሲነግራት «ይህ መድኃኒት ከባድ ነው» አለችው። «መጠኑን እንቀንሳለን። ግን የምንሰጠው ወደን መሰለዎት? በሽታው ከዚህ ስለሚከፋ ነው።»

ከግድግዳው ማዶ ደግሞ የመወርወሪያው ድምፅ እየሳሳ ሄደ። ጎረቤቱ ክኒኑን አንድም ሳያጓድል ይውጣል፤ ሳሉ ግን ባሰ፤ ደምም ቀላቀለ። «እንዴት ነው ነገሩ? ያንተ ክፉው ለቀቀህ፣ የኔ ደጉ ሊገድለኝ ነው እኮ!» ይለው ነበር ለሸማኔው። አንድ ጠዋት የመወርወሪያው ድምፅ ጨርሶ ጠፋ። ያ ድምፅ ዝም ቢል ብሎ ለዓመታት ተመኝቷል። ዝም ሲል ግን መቀመጥ አቃተው።

ተነስቶ እያነከሰ ጤና ጣቢያ ሄደ። «ሲስተር፣ የሱን መድኃኒት እየዋጥኩ ያለሁት እኔ ነኝ» አለና ሁሉንም ነገራት።

«አንተ!» አለችው፤ እርስዎ ማለቱም ጠፋባት። «አንተ ምን ዓይነት ሰው ነህ?» መልሱን ሳትጠብቅ አምቡላንስ ልትጠራ ሮጠች።

ጎረቤቱን ደረሱለት። ትክክለኛው መድኃኒት ተሰጠውና ተረፈ። አንደኛው ሳንባው ግን ከጥቅም ውጭ ሆነ፤ ከእንግዲህ ጉድጓድ ውስጥ ውሎ መሸመን አይችልም። ሸማኔው ሆስፒታል ሄዶ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ በሩ ላይ ቆመ። ያደረገውንም በራሱ አፍ ነገረው።

ጎረቤቱ ከትራሱ ቀና አለ። ከዚያ በቀጭን ድምፅ «መድኃኒቴን አይተህ ነው?» አለው።

«አዎ።»

«አንተ ሰው፣ በሽታዬን ብትጠይቀኝ እኮ መርቄ እሰጥህ ነበር!» ሊስቅ ፈለገ፤ ትንፋሹ አልበቃውም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ሸማኔውም ወደ ቤቱ ሄደ።

እንግዲህ ልጄ፣ አንቺም እንደዚህ ሸማኔ እንዳትሆኚ እፈራለሁ። እናትሽ እህትሽ ቤት ስታድር አየሽ፤ ስታጎርሳት፣ ልጆቿን ስታቅፍላት አየሽ። ያየሽው መድኃኒቱን ነው። ለምን በሽታ እንደታዘዘ አላየሽም። እናት ለልጆቿ ሁሉ እኩል አትሰጥም፤ ለያንዳንዱ እንደ ሕመሙ ትሰጣለች። አንቺን ትታሽ መሄዷ ያንቺ ቤት ያለሷም ጸንቶ ስለሚቆም ይሆናል፤ ይህም ንቀት አይደለም። በእህትሽ ቤት ያለውን ነገር እኔ አላውቅም፤ ባውቅም የምነግርሽ እኔ አይደለሁም። ነገ ሂጂ። ግን እናትሽን ለማምጣት አትሂጂ። እህትሽን ብቻዋን አስቀምጠሽ «ምንሽን ነው የሚያምሽ?» በያት። መልሷን ሰምተሽ አሁንም እናቴን ካልወሰድኩ ካልሽ ውሰጂያት፤ ሕመሙንም ጨምረሽ መውሰድሽን ግን እወቂ።