ከንቲባው የቆረጡት ሲባጎ

አንዲት የቀን ሠራተኛ አዲሱን የመንገድ ጠርዝ መስመር ለማስያዝ ሁለት ቀን ሙሉ ስትለካ ቆየች። ችካል ተከለች፤ ከችካል ችካል ቀይ ሲባጎ ወጠረች። በሦስተኛው ቀን ከንቲባው ከነካሜራ ባለሙያዎቻቸው ደረሱ። የተወጠረ ቀይ ነገር ካዩ መቀስ ማውጣት ልማዳቸው ነውና ሲባጎውን ቆረጡት። አጃቢዎቻቸው አጨበጨቡ።

ፎርማኑ ጠጋ ብሎ ነገሩን በጆሯቸው ሹክ አላቸው። የከንቲባው ፊት ጠቆረ።

«ማን ነው ይህን እዚህ የወጠረው?»

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ።»

«ሕዝብ ፊት ልታዋርጂኝ ነው? ይህ ክር ምን እንደሚሠራ አሁኑኑ አስረጂ። ካልሆነ ከነገ ጀምሮ እዚህ እንዳላይሽ።»

ሴትዮዋ የተቆረጡትን ሁለት ጫፎች ከመሬት አነሳችና አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ እጃቸው አስያዘቻቸው።

«መንገዱ እንዳይጣመም የሚጠብቀው እሱ ነበር፣ ጌታዬ። ከቆረጡት ወዲህ ሥራው የእርስዎ ሆኗል። ድንጋዩ ተደርድሮ እስኪያልቅ ወጠር አድርገው ይያዙልን። አደራ፣ እርስዎ ትንሽ ዘንበል ካሉ ሕዝቡ ዕድሜ ልኩን በጠማማ መንገድ ሲሄድ ይኖራል።»