የሸህ ይመር በሬና የዙህር አዛን

ነገሩ የሆነው በደጋና በቆላ መካከል በተቀመጠች፣ ስሟን መጥቀስ በማያስፈልግ አንዲት የቆየች የገበያ ከተማ ነው። ከከተማዋ መስጂድ አጥር ሥር የምትጀምር አንዲት ማሳ ነበረች። የማሳዋ ባለቤት ሸህ ይመር ይባላሉ። ቀን ያርሳሉ፣ ማለዳና ማታ ደረሳ፣ የሃይማኖት ተማሪ፣ ያቀራሉ። ለራሳቸው ከማንም ምንም ተቀብለው አያውቁም፤ የሚበሉት ያረሱትን ነው።

ጉልበታቸው ሲደክም እርሻውን ተዉ። ማሳቸውን ለእኩል አራሽ ሰጡ፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት ያለውን፣ ቦራ የሚባለውን በሬያቸውን አሊጋዝ ለሚባል ገበሬ ሸጡለት። አሊጋዝ ከወንዙ ማዶ የሚኖር፣ ብዙ የማይናገር፣ ልጆች የበዙበት ሰው ነው። ያለው አንድ በሬ ብቻ ስለነበር ጥማዱን መሙላት ነበረበት። ሽያጩ በሽማግሌዎች ፊት ተፈጸመ። ሸህ ይመር የበሬውን ዕድሜና የጥርሱን ሁኔታ ተናገሩ፤ በቀኝ እግሩ ሰኮና ላይ ያለውን ስንጥቅ ሳይቀር ከፍተው አሳዩ። ከዚያ ቆላ ወዳለችው ልጃቸው ዘንድ ሄደው እዚያው ሰነበቱ።

ችግሩ የጀመረው ዝናብ ጥሎ አሊጋዝ ቦራን በጠመደበት የመጀመሪያ ቀን ነው። በሬው እስከ እኩለ ቀን ያለ ጅራፍ አረሰ። ከማዶ የዙህር አዛን ሲሰማ ቆመ፤ ጆሮውን ቀጥ አደረገ፤ ከዚያም ዞሮ ቁልቁል ወደ ወንዙ ሮጠ። ቀንበሩ አንገቱ ላይ ስለነበር ሌላው በሬ ማንም ሳይጠይቀው አብሮ ሄደ። ሞፈሩ ከኋላ እየተጎተተ፣ አሊጋዝ ከሞፈሩ ኋላ እየሮጠ ወንዙን ተሻግረው በገበያው መሐል አለፉ። ሸክላ ሻጮቹ እንስራቸውን አቅፈው ተነሱ። ከጨርቅ ነጋዴው ከሐጂ ኑርዬ ሱቅ ደጅ ተሰቅሎ የነበረ አንድ ኩታ በቦራ ቀንድ ላይ ተንጠልጥሎ ሄደ። በሬው ከመስጂዱ በር አጠገብ ካለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ዘንድ ሲደርስ ቆመና ራሱን ዝቅ አደረገ። ሁለተኛውም፣ ቀንበሩ ስላስገደደው፣ ዝቅ አለ።

ሐጂ ኑርዬ ኩታቸውን ሊያስለቅቁ በቁጣ ደረሱ። ሁለት በሬዎች በመስጂድ በር አንገታቸውን ደፍተው ሲያዩ ቁጣው በረደላቸው።

«ሱብሃነላህ» አሉ። «ይሄ እኮ ሱጁድ ነው፤ እየሰገዱ ነው።»

«እኔ የማየው የተሰበረ ሞፈር ነው፣ ሐጂ» አለ አሊጋዝ እያለከለከ።

«አንተማ ምን ታያለህ? አዛን ሲባል ስታርስ የነበርክ ሰው።»

በማግስቱም ያው ሆነ። አሊጋዝ የማነቆውን ገመድ አጠበቀ፤ ቦራ በጠሰው። ሌላ ቀን ከእኩለ ቀን በፊት ፈትቶ ከግራር ጋር አሰረው፤ ቦራ ቅርንጫፉን ገንጥሎ እየጎተተ ሄደ። አንድ ቀን ደግሞ ኒካህ በሚታሰርበት ግቢ አለፈ። ሰዎቹ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ላይ ነበሩ። በሬው በመካከላቸው ሲያልፍ አንዱ «አሚን» አለ። ማን እንዳለ አልታወቀም። ሙሽራው ግን እስኪሞት ድረስ እኔ አይደለሁም ብሏል።

ወሬው ከአንድ ጁሙዓ ወደ ሌላው ሳይደርስ አገር ሞላ። ሰው በአክብሮት ሸሆቹ የሚላቸው የሸህ ይመር በሬ ዙህር አያሳልፍም፤ ይህ የሸሆቹ ከራማ፣ ተአምራቸው ነው ተባለ። ሴቶች ለቦራ ቂጣ ያመጡ ጀመር። ከሩቅ መንደር የመጡ ሰዎች በሸህ ይመር ስም የጣሪያ እንጨትና የክዳን ሣር እያሸከሙ ሸሆቹ ወደሚያቀሩበት መድረሳ ላኩ። የመድረሳው ጣሪያ ያፈስ ነበር፤ ደረሶቹ በዝናብ ቀን ኪታባቸውን ደረታቸው ላይ ታቅፈው ነበር የሚያድሩት። ሐጂ ኑርዬ እንጨቱን ተቀብለው ይከምሩ ነበር።

በሬው ወሊይ፣ የአላህ ወዳጅ፣ ከተባለ፣ ከእርሱ ጋር የሚታገለው ሰው ሌላ ስም ማግኘቱ አልቀረም። አሊጋዝ ቦራን በመንገድ ላይ በጅራፍ ሲመታ ታይቷል። በሬው የሚሸሸው ከሶላት የለሽ ቤት ነው ተባለ። አሊጋዝ ይሰግድ ነበር፤ ማንም ግን አልጠየቀውም። በወንፈል አብረውት የሚያርሱት ጎረቤቶቹ አንድ በአንድ ቀሩ። ቀኑን ሙሉ ሊያርስለት የሚችል ጥማድ አልነበረውም፤ ዝናቡ ሳያልፍ ካልዘራ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ልጆቹ የሚበሉት የለም።

ሸህ ይመር ከቆላ ሲመለሱ የጠበቃቸው ይህ ነው። ሐጂ ኑርዬ ከከተማው መግቢያ ድረስ ወጥተው ተቀበሏቸው። የእንጨቱን ክምር አሳዩአቸው። ሐሙስ ዕለት በመስጂዱ ደጅ ትልቅ ዱዓ መጠራቱን፣ ሕዝቡም በሬው ሲመጣ ሊያይ እንደሚሰበሰብ ነገሯቸው።

«እኔ ለዚህ በሬ ሶላት አላስተማርኩትም» አሉ ሸህ ይመር።

«ወሊይ መች ከራማውን ያምናል» አሉ ሐጂ ኑርዬ።

ሸህ ይመር የመንገድ አቧራቸውን ሳያራግፉ ወንዙን ተሻገሩ።

አሊጋዝን ያገኙት የቀንበር ገመድ ሲጠግን ነው። ተነስቶ እጃቸውን ሊስም ጎንበስ አለ፤ እጃቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

«በሬው የሚሮጠው መቼ መቼ ነው?»

«ዙህር ሲባል ነው፣ ሸሆቹ።»

«ከሰዓት በኋላ የአስር አዛን ሲባልስ?»

«አስር ላይ ንቅንቅ አይል።»

«መግሪብስ?»

«መግሪብ ላይ ገለባ ላይ ነው። መስጂዱ ቢፈርስም ቀና አይል።»

ሸህ ይመር አጠገቡ ተቀመጡ። እንዲህም አሉት።

«ማሳዬ ከመስጂዱ አጥር ሥር ነው። ዙህር ሲባል ፈትቼው ለሶላት እገባለሁ። ወደ ሰው አዝመራ እንዳይገባብኝ፣ በሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ጨው አደርግለት ነበር። ሰግጄ እስክወጣ ሲልስ ይቆየኛል። አዛኑን ሲሰማ የሚመጣለት ጨው ነው፣ አሊጋዝ።»

አሊጋዝ ገመዱን መሬት አስቀመጠ። «ታዲያ ይህን ለእኔ መንገር ምን ይሠራል? እኔ ብናገር የሚያምነኝ አለ? ሸሆቹን ሊያዋርድ ነው ይሉኛል።»

«አንተ አትናገርም። ሐሙስም እንደ ልማድህ ጥመደው፤ ሲሮጥም ልቀቀው።»

ሐሙስ ጠዋት ሐጂ ኑርዬ፣ ሸህ ይመር ስለ ጨዉ ለሕዝቡ ሊናገሩ መሆኑን ከራሳቸው መልእክት ሰምተው፣ ወደ ሸሆቹ ቤት መጡ። አልተቆጡም፤ የመጡት ሊያስረዱ ነው።

«ሸሆቹ፣ እርስዎ አልዋሹም። ያሉት ነገር የለም። ዝም ማለት ብቻ ነው» አሉ። «ደግሞ ይዩ፣ ዓመት ሙሉ መስጂድ ያልረገጠ ሰው በዚህ በሬ ምክንያት መስገድ ጀምሯል።»

«በበሬ የመጣ ሰው በሬው ሲሄድ ይሄዳል።»

«ጣሪያውስ?»

«ጣሪያው ያፈሳል» አሉ ሸህ ይመር።

አዛኑ ሳይባል የተሰበሰበው ሰው ዓይኑን ተክሎ ወደ ወንዙ ይመለከት ጀመር። አንድ ሰው፣ በሬው ከአዛኑ ጋር መምጣቱ እንዲረጋገጥ አዛን የሚለው ሙአዚን ትንሽ ዘግየት ይበል ብሎ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ሸህ ይመር አዛን መፈተኛ አይሆንም ብለው ከለከሉ። አዛኑ በሰዓቱ ተባለ። ቦራ በሰዓቱ መጣ። በዚህ ቀን የመጣው ብቻውን ነው፤ ቀንበሩን ማዶ ጥሎታል። ሰው መንገድ ከፈተለት። ድንጋዩ ዘንድ ደርሶ ራሱን ሲደፋ ብዙዎች አለቀሱ።

ሸህ ይመር ከቀሚሳቸው ኪስ አንድ ቁራጭ ጨው አውጥተው ወደ በሬው አፍንጫ አስጠጉ። ቦራ ቀና አለ። ሸሆቹ በዝግታ ወደ ኋላ ሄዱ፤ በሬው ተከተላቸው። ጀርባውን ለቂብላ፣ ለመስገጃው አቅጣጫ፣ ሰጥቶ፣ በሕዝቡ መሐል አልፎ፣ ከአጥሩ ጥግ እስካለው የፍግ ክምር ድረስ ተከተላቸው። ጨዉን ከክምሩ አናት ላይ አስቀመጡት። ቦራ ለድንጋዩ እንዳደረገው ሁሉ ራሱን ደፋለት።

 መጀመሪያ የሳቀችው ቂጣ ይዛ የመጣች አንዲት ሴት ናት ይባላል።

«ስሙኝ» አሉ ሸህ ይመር። «አላህ ለወዳጆቹ ከራማ ሊሰጥ ይችላል። ይሄ ግን ጨው ነው፤ ያስለመድኩትም እኔ ነኝ። በዚህ ኒያና ሐሳብ የመጣ እንጨትና ሣር ለባለቤቱ ይመለስ።»

ከዚያ አሊጋዝን ፈለጉት። ወንዙን ገና መሻገሩ ነበር፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ረጥቧል። በሰዉ ሁሉ ፊት እንዲህ አሉት።

«ስሸጥልህ ሰኮናው ላይ ያለውን ስንጥቅ አሳየሁህ፤ ዙህር ላይ ሥራ እንደሚያቆም ግን አልነገርኩህም። ያፈርኩበትን ነገር ተናግሬ የኮራሁበትን ዘለልኩት። ለእኔ ውበት የነበረው ላንተ ዓይብ፣ ጉድለት ነው። ዓይብ የተደበቀበት ገዢ መመለስ ሐቁ ነው። በሬውን ብትመልስ ዛሬውኑ እቀበልሃለሁ። አፉም በለኝ።»

አሊጋዝ ሸሆቹን አየ፤ ከዚያ በሬውን፤ ከዚያ የሸሹትን ጎረቤቶቹን።

«አፉ ብያለሁ» አለ። «በሬውን አልመልስም። ድንጋዩን ስጡኝ።»

ድንጋዩን በሸክም ማንሳት አልተቻለም፤ በጠርዙ አቁመው አንከባለው ነው ወንዙን ያሻገሩት። ከሚያንከባልሉት መካከል ከወንፈሉ የቀሩት ጎረቤቶች ነበሩበት። አንዱ እያላበው፣ «አሊጋዝ፣ ይሄ ነገር ከሶላት የለሽነት ስም ይልቅ ይከብዳል» አለው። አሊጋዝም፣ «አንተ ያንን መች ተሸክመኸው ታውቃለህ» አለ። 

ቅዳሜ ማለዳ ሸህ ይመር በአሊጋዝ ማሳ ላይ ተገኙ። የባከኑት ቀናት በእኔ ላይ ናቸው ብለው እርፉን ጨበጡ። ትልማቸው ቀጥ አላለም። አሊጋዝ እርፉን ሊቀበላቸው ቢሞክር አልሰጡትም። ፀሐይ ከፍ ከማለቷ በፊት አንድ ጎረቤት ጥማዱን እየነዳ መጣ፤ ከእርሱ ኋላ ሌላው፣ ከዚያ የቀሩት። ዙህር ሲባል ቦራ ቆመ። ወደ ወንዙ ዞሮ ሁለት ሦስት እርምጃ ከሄደ በኋላ ጨው የተደረገበትን ድንጋይ በማሳው ጫፍ አይቶ ወደዚያ ዞረ። ሰዎቹ ሁሉ ፈቱና ሰገዱ። ዝናቡ ሳያልፍ ማሳው ተዘራ።

እንጨቱና ሣሩ ለባለቤቶቹ ተመለሰ። የቂጣውን ጉዳይ ያነሳ የለም፤ በሬው በልቶታል። ደረሶቹ ያን ክረምት እንደ ቀድሞው ኪታባቸውን ታቅፈው አሳለፉ። አንድ ዝናባማ ቀን ሐጂ ኑርዬ ከመድረሳው ደጅ ቆመው፣ ከጣሪያው የሚወርደውን ውሃ እያዩ፣ «ሸሆቹ፣ በአንድ ቁራጭ ጨው ጣሪያ አፈረሱ» አሉ።

ሸህ ይመር ከሚያቀሩበት ቀና ብለው፣ «አሊጋዝ ያላጠፋውን ጥፋት ተሸክሞ፣ እኔ የማይገባኝን ክብር ልሸከም?» አሉና ወደ ኪታባቸው ተመለሱ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሐሰት የተናገረ ሰው አላገኘሁም። ሐጂ ኑርዬ ያዩትን ነው የተናገሩት፤ ሕዝቡም የሰማውን። ሸህ ይመርም ዝም ቢሉ በምላሳቸው የሚመዘገብ ውሸት አልነበረም። የሚጎዳው ግን ስሙም ቤቱም የሚታወቅ ሰው ነበር፤ ሚስትና ልጆች ያሉት፣ ማሳው ፆሙን ሊያድር የደረሰ ሰው። ሸሆቹ ከቆላ እንደተመለሱ ክብራቸውን ከሚቀበሉበት ደጅ ይልቅ በቅድሚያ የሄዱት ወደዚያ ሰው ቤት መሆኑ ሊታሰብበት ይገባል። የነገሩ እውነት የተገኘውም እዚያ፣ ሦስት አጫጭር ጥያቄዎችን በመጠየቅ ነው።

እኛም በስማችን መልካም ወሬ ሲነሳ፣ ከመደሰታችን በፊት አንድ ነገር እናጣራ፤ በዚያው ወሬ ክፉ ስም የወጣለት ሰው አለ ወይ? ካለ፣ ዝም ማለት አይፈቀድልንም።