ጅቡን የጣለው ጆሮው

ልጆች፣ ሁላችሁም ጆሯችሁን ያዙ። ትልልቆቹም ጭምር! ያዛችሁ? በሉ ስሙኝ።

ድሮ ድሮ፣ ስሙ በተረሳ አገር፣ እመት ጉሬዛ የምትባል እናት ነበረች። አንድ ቀን ልጇን አዝላ ወንዝ ወረደች። ውሃ በቅል ቀድታ ስታጠጣው ከኋላዋ በግራ በኩል ኮሽ አለ። ግራ ጆሮዋ ከቀኙ ቀድሞ ስለሰማ፣ ዞር ሳትል ከየት በኩል እንደሆነ አወቀች። አወይ ጆሮ! ወዲያው ልጇን ብድግ አድርጋ አጠገቧ ካለ ዛፍ ላይ ሰቀለችው። እሷ ግን አልደረሰችም፤ አያ ጅቦ ጅራቷን ለቀም አደረጋት።

«ዛሬ እናትየውን፣ ነገ ልጅየውን!» አለ ምራቁን እየዋጠ።

ልጇ ከላይ ያለቅሳል። «ልጄን ማን ያጠባልኛል?» አለች። ዓይኗ ግን ቅሉ ላይ አረፈ። በድንጋጤ ስትጥለው ሲሽከረከር የነበረው ቅል ቆሟል፤ ውስጡ የቀረው ውሃ ገና ይዞራል። ይኼኔ አያቷ የነገሯት ትዝ አላት፤ ጆሮ ውስጥም እንዲህ ያለች ውሃ አለች።

«አያ ጅቦ፣ መብላቱንስ ብላኝ። ግን ሳይፎክር የሚበላ ማን ነው? ሌባ አይደል?»

«ማን? እኔ ሌባ?»

«እንግዲያው እንደ ጀግና እየተሽከረከርክ ፎክር!»

አያ ጅቦ ስሙን ይወዳል። እንዳታመልጠው በእሷና በዛፉ መሃል ቆመና ጅራቷን ለቀቀ።

«ዘራፍ! እኔ አያ ጅቦ! አጥንት ሰባሪው!» እያለ ዞረ።

«በለው! ድገመው!» አለች።

«ዘራፍ! እኔ አያ ጅቦ! ቆዳ ቀዳጁ!» ዞረ፣ ዞረ።

«በለው! ድገመው!»

ምላሱ እስኪወጣ ዞረና ቀጥ አለ። እሱ ቆመ፤ ምድር ግን አልቆመችለትም። እመት ጉሬዛ ላይ ዘለልኩ ብሎ ድንጋይ ነከሰ። ሊነሳ ሲል እንደ ሰካራም ተንገዳግዶ ወንዙ ውስጥ ቧ!

«ወይኔ! ምድርን ማን አዞራት?»

እመት ጉሬዛ ዛፉ ላይ ወጥታ ልጇን እቅፍ አደረገች። «ምድርስ እንደቆመች ናት፣ አያ ጅቦ! የሚዞረው የጆሮህ ውሃ ነው። አንጎልህም ጆሮህን አምኖ ዞርኩ ይላል።»

ወንዙም አያ ጅቦን እያንከባለለ ወሰደው።

በሉ አሁን ጆሯችሁን ልቀቁ። ለወሬ ብቻ የተሰጣችሁ እንዳይመስላችሁ፤ ቀጥ አድርጎ የሚያቆማችሁም እሱ ነው፣ የኔ ጌቶች! እሱን የናቀውንማ አያችሁት፦

በፉከራ የዞረ፣ ጉርሻው ሳይደርሰው ቀረ።