ያልነሳው ዘበኛና የሕፃኗ የደም ውጤት

ተረት ተረት ስላችሁ «የሰርቨር በረት» በሉኝ፤ ላሟ ዛሬ የለችበትም።

በአንድ ቆላ ጤና ጣቢያ ኮምፒውተሮቹን የምትጠብቅ ሐረገወይን የምትባል ሴት ነበረች። አንድ ረፋድ ዘነበች የምትባል እናት በትኩሳት የምትነድ ልጇን አቅፋ መጣች። የልጅቱ የደም ውጤት ሩቅ ካለ ላቦራቶሪ ተልኮ፣ በሌላ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ በሚኖር፣ ሊኑክስ በሚሉት ሥርዓት በሚሠራ የመረጃ ማከማቻ ሰርቨር ላይ ተቀምጧል። ሐኪሙ «ውጤቱን ሳላይ መድኃኒት አልሰጥም» አለ። የሰርቨሩ በር ደግሞ ተዘግቷል።

ሐረገወይን ለጥገና ብቻ በተተወው ጓዳ በኩል ገብታ «በር ሆይ፣ ተከፈት እንጂ!» አለችው።

«ዘበኛው ፋየርዎል ካላዘዘኝ አልከፈትም።»

ዘበኛውን ተነስ አለችው፤ ተነስቶ ወደቀ። ደግማ ቀሰቀሰችው፤ ደግሞ ወደቀ። «ዛሬ ስታድሺኝ አንድ ፋይል ጎድሎብኛል። እሱ ካልመጣ አልነሳም!»

ፋይሉ አልመጣ፣ ዘበኛው አልተነሳ፣ በሩ አልተከፈተ፣ ውጤቱ አልታየ፣ ልጅቱም ትነዳለች። ሐረገወይን ግራ ገባት።

ፋይሉን ጠራችው። «ማኅተሜ ካልታመነ አልገባም» አላት። ማኅተሙን ጠየቀችው። «የምሠራው ከዘንድሮ ጀምሮ ነው። የሰርቨሩ ሰዓት ግን ለዘንድሮ ገና ሰባት ዓመት ይቀራል ይላል። ሳልወለድ እንዴት ልታመን?»

«ሰባት ዓመት?» ጭራሽ ዞረባት።

ሰዓቱ አልቀና፣ ማኅተሙ አልታመነ፣ ፋይሉ አልመጣ፣ ዘበኛው አልተነሳ፣ በሩ አልተከፈተ፣ ውጤቱ አልታየ፣ ልጅቱም ትነዳለች።

«እህቴ፣ ኧረ ድረሽልኝ!» አለች ዘነበች።

ሐረገወይን ሰዓቱ ላይ ጮኸችበት። «አንተ ቀጣፊ፣ ማን ነው እንዲህ የሞላህ?»

«አንቺ ነሻ! ጠዋት "ይሄ የፈረንጅ ዓመት ምን ያደርግልናል?" ብለሽ የሀገራችንን ዓመት የሞላሽው ማን ሆነና?»

ፊቷ ቲማቲም መሰለ። እፍረቱን ዋጥ አድርጋ ዓመቱን ወደ ፈረንጁ መለሰችው። ሰዓቱ ቀና፣ ማኅተሙ ታመነ፣ ፋይሉ መጣ፣ ዘበኛው ተነሳ፣ በሩ ተከፈተ፣ ውጤቱ ታየ። ሐኪሙ «ወባ ነው» ብሎ መድኃኒቱን ሰጠ፤ እናቲቱም ልጇን አዋጠቻት።

ዘነበች እፎይ ብላ «ምን ነበር እንዲህ ያስቸገረሽ እህቴ?» ስትል ጠየቀች።

ሐረገወይን ወደ ሐኪሙ፣ ከዚያም ወደ ኮምፒውተሩ አየች። የምታሳብብበት አጣች።

«እኔው» አለች።

ተረቴን መልሱ፤ የሰርቨሩን ሰዓት ግን እንዳትነኩ።