እንጥሉ ወርዷል

አባቴ እንየው ባለፈው ጥቅምት ሞተ።

ድንኳን ውስጥ የተቀመጡት ሰዎች ደግ ደጉን ሲያወሩለት ሰነበቱ። ከደብረ ማርቆስ ቢቸና አውቶብስ ሲነዳ መንገድ ዳር የቆመች አሮጊት አልፎ አያውቅም አሉ። ከሰው ተጣልቶ አያውቅም አሉ። ታላቅ ወንድሙን እንደ አባት ያከብር ነበር አሉ። ይህን የመጨረሻውን ሲሉ ታላቅ ወንድሙ አያ ዳምጤ ከፊተኛው ወንበር ላይ ሆነው ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። እሳቸው ስለነበሩ እኔ የማውቀውን አላወራሁም። አሁን ድንኳኑ ተነሥቷል።

አንድ ቀን፣ እሑድ ነው፣ አያ ዳምጤ የልጄን እንጥል የሚቆርጥ ሰው ይዘው ቤታችን መጡ።

ልጄ ያኔ ገና ክርስትና አልተነሣም፤ ማሙሽ እንለው ነበር። ሥራው ሁለት ነው፤ ይጠባል፣ ያቀረሻል። ጠብቶ ሲጨርስ ያቀረሻል፣ ሲያስተኙት ያቀረሻል፣ ሊስመው ጎንበስ ያለውን ሰው መርጦ ያቀረሽበታል። እናቱ ትርንጎ ትከሻዋ ላይ ጨርቅ ሳትጥል አታቅፈውም። እኔም ሸሚዜ ላይ ነጭ ነገር ሳይደርቅብኝ ሥራ የገባሁበትን ቀን አላስታውስም። እሱ ግን አያለቅስም። ካቀረሸ በኋላ ፊቱ ሥራውን እንደጨረሰ ሰው ይረጋጋል፤ ትንሽ ቆይቶ እንደገና ጡት ይፈልጋል።

ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ነርሷ መዘነችውና ክብደቱ በደንብ ጨምሯል አለች። ሆዱ ትንሽ ነው፣ ወተቱ ብዙ ነው፣ የሆዱ አፍ ገና አልጠበቀም፤ ከጠባ በኋላ እስኪያገሳ ቀና አድርጋችሁ ያዙት፣ እያደገ ሲሄድ ይተወዋል አለችን። አረንጓዴ ነገር ካስመለሰ ወይም አልጠባም ካለ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ አምጡት አለች።

የዚህ ምክር ጉድለቱ አጭር መሆኑ ነው። አራስ ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው አጭር ነገር አይወድም። አንዷ ጎረቤት ወተቱን ብርድ መቶታል አለች። ሌላዋ ትርንጎ ጎመን በልታ ነው አለች። ሦስተኛዋ ልጁን ሰው አይቶት ነው ብላ፣ ይህን ለማረጋገጥ ራሷ አተኩራ ስታየው ቆየች። ከቤታችን ፊት ለፊት ያለው ባለ ሱቅ፣ አግብቶም ወልዶም የማያውቅ ሰውዬ፣ ወተቷ ቀጭን ነው እያለ ለደንበኛ ሲያስረዳ በመስኮት ሰማሁት። ትርንጎ ሁሉንም አዳመጠች። መጀመሪያ ጎመን ተወች። ቀጥላ ሽሮ ተወች። በመጨረሻ ጡቷን ራሱን እየተጠራጠረች ታጠባ ጀመር። ልጁ እየወፈረ እናቱ ከሳች።

አባቴ ይህን ሁሉ በር ላይ ተቀምጦ ይሰማል። አንድ ቀን ትርንጎን እንዲህ አላት፤ ልጅሽ እንግዳ ቢሆን የሚወደድ ዓይነት ነው፤ እስኪጠግብ ይበላል፣ የተረፈውን ይመልሳል። ከወለደች ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው።

ወደ አያ ዳምጤ ልምጣ። እሳቸው የእድራችን ዳኛ ናቸው። በቤተሰባችን ውስጥ ደግሞ ማንም ሳይሾማቸው ዳኛ ናቸው። ማን ማንን እንደሚያገባ ይወስናሉ። የማን ልጅ ምን እንደሚማር ይወስናሉ። ላም ስትሞት በምን በሽታ እንደሞተች ይወስናሉ፤ ውሳኔው የሚደርሰው ከሞተች በኋላ መሆኑን ያነሣባቸው የለም። አባቴ፣ ሽበቱ ከእሳቸው የበዛ ሰው፣ ሲገቡ ይነሣላቸዋል፣ እጃቸውን ያስታጥባቸዋል፣ ተናግረው እስኪጨርሱ መሬት መሬት ያያል።

ልጁን ያዩት አንዴ ነው፤ ያውም በር ላይ ቆመው። ወዲያው አቀረሸ። እሳቸውም ወዲያው ፈረዱ፤ እንጥሉ ወርዷል፣ እሑድ ይቆረጣል። ነርሷ ያለችውን ልነግራቸው ጀመርኩ።

«ነርሷ ስንት ወልዳለች?» አሉኝ።

አላውቅም አልኩ።

«አየህ፣ ይችን እንኳ ሳትጠይቅ ነው ልጅህን የሰጠሃት።»

ከዚያ የኔም፣ የአባቴም፣ የራሳቸውም እንጥል በአራስነታችን መቆረጡን አስታወሱኝ። ምን ሆናችሁ ብለው ጠየቁ። አባቴን አየሁት። አባቴ መሬት ያያል።

እኛ ዘንድ ልጅ የአባቱ ከመሆኑ በፊት የታላቁ ነው። አያ ዳምጤን እምቢ ያለ ሰው እሳቸውን ብቻ እምቢ ብሎ አይቀርም፤ ዘመዱን እምቢ ብሏል፣ እድሩን እምቢ ብሏል፣ ሬሳውን የሚያነሣለት ሌላ ሰው ይፈልግ። ትርንጎ በበኩሏ በዚያው ሰሞን እንጥሉን ተቆርጦ ደሙ አልቆም ብሎ ሆስፒታል የገባ ሕፃን ወሬ ሰምታ ነበር። ሳትቆጣ፣ ሳታለቅስ ነገረችኝ። ልጇን ምላጭ የሚነካው ከሆነ ይዛው እናቷ ቤት ትሄዳለች፤ አትመለስም። እኔ ደግሞ እንደምታደርገው አውቃለሁ።

እሑድ ደረሰ። ቆራጩ ጥላ የያዘ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሽማግሌ ነው። ዕቃውን በጨርቅ ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ይዞታል። ትርንጎ ገና ስታየው ልጁን አቅፋ ጓዳ ገባችና ከውስጥ በሩን ተደገፈችው። አያ ዳምጤ ልጁ ይምጣ አሉ።

አባቴ ብድግ አለ። ታላቅ ወንድሙ አራስ ቤት ገብተው ሳይቀምሱ ሥራ እንደማይጀመር፣ ቢጀመርም ለልጁ ገድ እንደማይሆን በትሕትና አስረዳ። ቆራጩ በዚህ ሐሳብ ተስማማ። ምሳውን አልበላም ነበር።

ገንፎ ቀረበ። ቅቤው መሐሉ ላይ ኩሬ ሠርቷል። አያ ዳምጤ ገንፎ ሲበሉ ፍርድ ሲሰጡ እንደሚያደርጉት ነው፤ ለሌላ ሰው የሚተዉት ነገር የለም። እየበሉ ስለ ልጁ ሕመም ያስተምሩናል። «ጤነኛ ሆድ የበላውን አይመልስም» አሉ። ቆራጩ አፉ እንደሞላ ልክ ነው አለ። አባቴም ልክ ነው አለ፤ ቅቤውንም ወደ እሳቸው በኩል ጠጋ አደረገላቸው።

ከገንፎው በኋላ ቀይ ወጥ መጣ። አያ ዳምጤ በቃኝ አሉ። አባቴ አንድ ጉርሻ ጠቀለለ። ጉርሻው የታናሽ ወንድም ጉርሻ አይመስልም፤ ለበሬ የተዘጋጀ ነው የሚመስለው።

«በሞቴ» አለ።

ያኔ እንዲሁ የሚባል ነገር ነበር።

ጎረሱ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላል፤ አባቴም ከወንድሙ ጋር ላለመጣላት ሁለተኛ ጠቀለለ። ከዚያ በእናታችን ነፍስ ብሎ ሌላ ጨመረ። ታላቅ ወንድም በእናቱ ነፍስ ሲለመን አፉን አይዘጋም። ቀጥሎ የልጁ እናት ያጠመቀችው ነው ብሎ ጠላ ቀዳላቸው። ትርንጎ ጠላ አጥምቃ አታውቅም። አያ ዳምጤ ቀበቷቸውን አላሉት፤ አዲሱን ኩታቸውን ከሆዳቸው ላይ ገለጥ አድርገው ቁና ቁና ተነፈሱ። በቃ አሁን ልጁ ይምጣ አሉ።

አባቴ ራሱ ወደ ጓዳው ሄደና በበሩ ቀዳዳ አንድ ነገር አንሾካሾከ። በሩ ተከፈተ። ልጁን ይዞ ወጣ። እኔ ግድግዳውን ይዤ ቆሜያለሁ። የትርንጎ ሻንጣ ጓዳ ውስጥ ታስሮ አይቼዋለሁ።

ልጁን ታቅፎ አልያዘውም። ወለሉ ላይ በተነጠፈው ምንጣፍ ላይ፣ ልክ በአያ ዳምጤ እግር ሥር አስተኛው። ጭንቅላቱን የሚይዘው ታላቅ ነው፣ እኔ በእርስዎ ፊት እጄን አላስቀድምም አላቸው። ክብር ነው። እሳቸውም ክብራቸውን ተቀበሉ። ቆራጩ ጨርቁን ፈታ፤ ምላጩን አየሁት።

አያ ዳምጤ ከወንበራቸው ሳይነሡ ጎንበስ አሉ። ሆዳቸው መንገድ ላይ ጠበቃቸው። ትንሽ ገፍተው ጎንበስ አሉ። እጃቸው የልጁን ራስ ሊነካ ሲል ገንፎው በሄደበት መንገድ ተመለሰ። ብዙ አይደለም። ምናልባት በእናታቸው ነፍስ የጎረሱትን ያህል ቢሆን ነው። ከአገጫቸው ጀምሮ በአዲሱ ኩታ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ። ልጁ ምንጣፉ ላይ ተንጋሎ ያያቸዋል። በዚያች ሰዓት ከሁለቱ ያላቀረሸው እሱ ነው።

አባቴ ወደ ቆራጩ ዞረ። ድምፁ እጅ ሲያስታጥብ የሚናገርበት ድምፅ ነው።

«አባቴ፣ ምላጩን ወደ ወንድሜ ያዙሩልኝ። እኛ ቤት ታላቅ ሳይቀድም ታናሽ አይቀድምም። የልጅነታቸውን ደኅና አድርገው አልቆረጡላቸውም መሰለኝ፤ እንጥላቸው ወርዷል።»

ቆራጩ የሥራ ሰው ነው፤ የማንን እንደሚቆርጥ አያማርጥም። በርጩማውን ወደ አያ ዳምጤ ጎተተና አፋቸውን እንዲከፍቱለት ጠየቀ።

አያ ዳምጤ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «ምን ሆኜ ነው የምቆረጠው? ጠግቤ ጎንበስ ብዬ እኮ ነው» አሉ።

«እሱም የሚለው ይህንኑ ነው፣ አያ» አለ አባቴ። «አፍ ስላልፈታ ነው እኛ በምላጭ የምንጠይቀው።»

መጀመሪያ የሳቀው ቆራጩ ነው። ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ምላጩን ወደ ጨርቁ መለሰ። ቀጥሎ ከጓዳ ሳቅ ሰማን። አያ ዳምጤ አልሳቁም፣ አልተቆጡምም፤ ለመቆጣት ኩታ ንጹሕ መሆን አለበት። ጉሮሯቸውን ጠራርገው ጉዳዩ ለጊዜው ይቆይ አሉ። ዳኛ ናቸውና ቀጠሮ ሰጡ ማለት ነው። የሚታይበት ቀን ግን እስከ ዛሬ አልተነገረንም። ቆራጩ ጥላውን አነሣ፣ ምሳው ጥሩ እንደነበር ለትርንጎ ነገራት፣ ሄደ።

ልጁን ከምንጣፉ ሳነሣው ትከሻዬ ላይ አቀረሸ። ጀርባውን መታ መታ አደረግሁለት። ትርንጎ ሻንጣውን ፈታችና የቀረውን ገንፎ ቁጭ ብላ በላች።

አያ ዳምጤ ሊሄዱ ሲነሡ አባቴ የተበላሸውን ኩታ ከትከሻቸው ተቀበለ፤ የራሱን አለበሳቸው። ክንዳቸውን ይዞ እስከ ዋናው መንገድ ሸኛቸው። ምን እንደተባባሉ አላውቅም። ተመልሶ ሲመጣ ኩታውን እኛ እናጥበዋለን አልነው። እምቢ አለ። ደጅ በርጩማ አውጥቶ ተቀመጠና በሳፋ ውኃ ያሽ ጀመር።

አጠገቡ ሄጄ አውቀህ ነው ወይ ያጎረስካቸው አልኩት።

«ወንድሜን ማጉረስ ነውር ነው እንዴ?» አለኝ፤ ሳሙናውን እንዳቀብለው እጁን ዘረጋ።

ቅቤው ቶሎ አልለቀቀም። ውኃውን ደፍቶ እንደገና ቀዳ፤ ጠረኑ እስኪጠፋ አሸው። ከዚያ ጨመቀው፣ አራገፈው፣ ጀንበር ሳትጠልቅ ሽቦው ላይ አሰጣው።