«በቃ እማማ፣ ሰርቷል»

አንድ ሰው ነበረ። ኮምፒውተር ፊት ተቀምጧል። በቃ፣ ሌላ ምንም የለም፤ ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ ኮምፒውተር፣ ሰው።

መጥፎ ሰው አይደለም። ይህን ከመጀመሪያው ያዙልኝ፣ ኋላ እንዳትፈርዱበት። በሥራ ቀን ኮሌጅ ያስተምራል፤ እሑድ እሑድ ደግሞ የቤተ ክርስቲያናችንን የቢሮ ኮምፒውተር በነጻ ይጠብቅልናል። ታሪኩን የምነግራችሁ ራሱ ፈቅዶልኝ ነው። አንዳንዶቻችሁ ታውቁታላችሁ። ስሙን አልጠራም፤ እናንተም ዞር ዞር እያላችሁ አትፈልጉት።

እናም ይህ ሰው አደራ ተሰጠው። ምን አደራ?

እማማ ታፈሰችን ታውቃላችሁ። ወጣቶቹ ምናልባት በስተቀኝ ሦስተኛው ወንበር ላይ የሚቀመጡት እናት ብላችሁ ነው የምታውቋቸው። በደርግ ጊዜ ቤተ ክርስቲያናችን ተዘግታ በየጓዳው ተደብቆ ሲጸለይ፣ እማማ መዝሙር ያወጡ ነበር። ወረቀት ላይ አይጻፍም። ወረቀት ከተገኘ ያሳስራል። ስለዚህ ሁሉም በቃል ነው። እማማ ያወጣሉ፣ ሁለት ጓደኞቻቸው ይቀበላሉ፣ መስኮቱ በብርድ ልብስ ተሸፍኖ በሹክሹክታ ይዘመራል። ኋላ ሦስቱም ታሰሩ፤ አሥራ አንድ ወር። እዚያም መዝሙር አወጡ። ሁለቱ ጓደኞቻቸው ዐርፈዋል። ሠላሳ ምናምን መዝሙር በአንዲት ሴት ራስ ውስጥ ብቻ ቀረ።

ባለፈው መስከረም፣ መስቀል ባለፈ በሳምንቱ፣ ወደ እኔ መጡ። «ፓስተር፣ መርሳት ጀምሬአለሁ» አሉኝ። «ትናንት የገዛ ልጄን ስም ሦስት ጊዜ ፈለግሁት። መዝሙሮቹን ሳልረሳቸው አንድ ሰው ይቀበለኝ።»

ሳልረሳቸው አንድ ሰው ይቀበለኝ። ሌላ ምንም አልጠየቁም።

እኔም ይህን ሰው ጠራሁትና ነገርኩት። ደስ አለው፣ እንባው ሁሉ መጣ። «የእማማን ነገር እንደ ነገሩ አላደርገውም፣ ፓስተር። በሥርዓት ነው የምቀዳቸው» አለኝ።

አሁን እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ፤ እኔም ሲያስረዳኝ ግማሹ ነው የገባኝ። ኮምፒውተር ላይ አንድ ጥቁር መስኮት አለ። ሥዕል የለውም፣ ጌጥ የለውም። ቃል ትጽፍለታለህ፣ የታዘዘውን ያደርጋል። ተርሚናል ይሉታል። እንደምትወደው አድርገህ ልታስተካክለውም ትችላለህ። ቀለሙን ትመርጣለህ፣ ሲከፈት የሚልህን ሰላምታ ትጽፋለህ፣ ረጅሙን ትእዛዝ በሁለት ፊደል ታሳጥራለህ። ይህ ሁሉ የሚጻፍበት አንድ ፋይል አለ፤ መስኮቱ በተከፈተ ቁጥር መጀመሪያ የሚያነበው እርሱን ነው።

ሰውየው እንዲህ አሰበ። ሁለት ፊደል ስጽፍ መቅጃው ይነሣ፣ ድምፁ ይጥራ፣ መዝሙሩ በቀኑ፣ በስሙ፣ በተራው ራሱ ይቀመጥ። ከዚያ በኋላ እማማን ማድከም የለም። መጥፎ ሐሳብ ነው? አይደለም። እኔ ራሴ አጨብጭቤለታለሁ።

የመጀመሪያው እሑድ እማማ መጡ። ነጠላቸውን አስተካክለው የወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «ተዘጋጀ፣ ልጄ?»

«ትንሽ ቀረኝ፣ እማማ።»

ሁለተኛው እሑድ መጡ። «ተዘጋጀ?»

«ትንሽ ቀረኝ።»

ምን ነበር የቀረው? ቀለም። ነጩ ፊደል ዓይን ይወጋል ብሎ አረንጓዴ አደረገው። አረንጓዴው ደመቀበት፤ አፈዘዘው። በሦስተኛው እሑድ ደግሞ የቀረው ፊደሉ ነበር። የእኛ ፊደል እዚያ መስኮት ውስጥ አንዱ ባንዱ ላይ እየወጣ አስቸገረው። መስኮቱ ሲከፈት «እማማ ታፈሰች፣ እንኳን ደህና መጡ» እንዲላቸው ፈልጎ ነበር፤ ስማቸው ተጨፍልቆ ወጣ። እንዴት ተደርጎ! የእማማ ስም ይጨፍለቅ? ሁለት ሳምንት ታገለው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስማቸውን ለማሳመር ሲታገል፣ የስሙ ባለቤት አጠገቡ ተቀምጠው ነበር።

ሳቃችሁ? ሳቁ፣ ሳቁ። እኔም ያኔ ስቄያለሁ።

አንድ ነገር ባስተካከለ ቁጥር ደግሞ መሞከር አለበት። «እማማ፣ እስቲ ትንሽ ይበሉልኝ» ይላል። እማማ ጉሮሯቸውን ጠረግ ጠረግ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጀምራሉ። እርሱ የሚያየው ግን እርሳቸውን አይደለም፤ መስኮቱን ነው። ፋይሉ በቀኑ ተሰይሞ ቦታው ላይ ቁጭ ሲል ያይና «በቃ እማማ፣ ሰርቷል!» ይላል። እማማም አፋቸውን ይዘጋሉ።

አንድ ቀን አልዘጉም። «ልጨርሳት፣ ልጄ። አሁን መጣችልኝ እኮ» አሉት።

«አይ እማማ፣ ይቺ ለሙከራ ናት። ዋናውን ስንቀዳ ይጨርሷታል።»

ለሙከራ ናት አላቸው።

ልጃቸው እታፈራሁ አንድ እሑድ ስልኳን አወጣች። «ለምን እኔ በዚህ አልቀዳቸውም? ቤት ውስጥ ሽንኩርት ሲከትፉ እኮ ያንጎራጉራሉ» አለችው። ሰውየው ደነገጠ። «ኧረ በስልክ አይሆንም! ቴሌቪዥኑ ይገባበታል፣ ውሻው ይገባበታል፣ ተራውም ይደበላለቅብኛል። ምን አስቸኮለሽ? ትንሽ እኮ ነው የቀረኝ።» እታፈራሁ ስልኳን ወደ ቦርሳዋ መለሰች። ምን ታድርግ? እርሱ ነው አዋቂው።

እኔስ? እኔ የት ነበርኩ? ኅዳር ላይ እማማ ቢሮዬ በር ላይ ቆመው፣ «ፓስተር፣ ልጁ ለፍቶልኛል፣ ጌታ ይባርከው። ግን ‹ወረቀት የለህም ወይ?› በልልኝ» አሉኝ። ምን እንዳልኳቸው ታውቃላችሁ? «ይታገሡት እማማ፤ ነገር በሥርዓት ሲሆን ጥሩ ነው» አልኳቸው። እኔ! በብርድ ልብስ ተከልሎ በሹክሹክታ የተዘመረውን መዝሙር፣ በሥርዓት ይሁን ብዬ አስጠበቅሁ። አሜን አትበሉ። ይህ አሜን የሚባልበት ቦታ አይደለም።

ጥር ላይ ጨረሰ። ዓርብ ደወለልኝ፤ ድምፁ የሠርግ ቤት ድምፅ ነበር። «ፓስተር፣ አለቀ! እሑድ እንጀምራለን!» ስድስት መቶ መስመር ጽፏል። ሁሉም ይሠራል። ቀለሙ ያምራል፣ ስሙ አልተጨፈለቀም።

እሑድ ደረሰ። እማማ መጡ። መብራት ጠፋ።

ጄኔሬተራችን ለአዳራሹ እንጂ ለቢሮው አይበቃም። ሰውየው ጨለማውን ኮምፒውተር አየ፣ እማማን አየ፣ ሰዓቱን አየ። ግማሽ ሰዓት ጠበቁ። «እማማ፣ አይዞዎት፣ የሚቀጥለው እሑድ» አላቸው። ኪሱ ውስጥ ስልክ ነበረው። ጠረጴዛው ላይ እስክሪብቶ ነበረው። እማማ መጥተው ነበር። ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ነበር። «እሺ ልጄ» ብለው ተነሡ።

ረቡዕ ስትሮክ መታቸው።

ነፍሳቸው ተረፈች፤ ጌታ ይመስገን። ቀኝ እጃቸውና አንደበታቸው ግን አልተመለሱም።

ከፋሲካ በኋላ እታፈራሁ ደግፋ ወደ ቢሮው አመጣቻቸው። እኔም ነበርኩ። ሰውየው ኮምፒውተሩን መክፈት አልፈለገም፤ እማማ ናቸው በግራ እጃቸው ያመለከቱት። ከፈተው። ጥቁሩ መስኮት መጣ፣ ከዚያ አረንጓዴው ፊደል አንድ በአንድ ወጣ። «እማማ ታፈሰች፣ እንኳን ደህና መጡ። የትኛውን መዝሙር እንቅዳ?»

እማማ ማንበብ የተማሩት ትልቅ ሰው ሆነው በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ቀስ ብለው ነው የሚያነቡት። ጣታቸውን በእያንዳንዱ ፊደል ላይ አስኬዱ። ሲጨርሱ ቀና አሉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ጉሮሯቸውን ጠረግ ጠረግ አደረጉ። አፋቸውን ከፈቱ። «አ…» አሉ። እንደገና «አ…» አሉ። ሌላ አልመጣላቸውም።

ሰውየው እግራቸው ሥር ወደቀ። «ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ» ይላል። እርሳቸው በግራ እጃቸው ትከሻውን ቸብ ቸብ ያደርጉታል። ኋላ ስንወጣ ምን አለኝ መሰላችሁ? «ፓስተር፣ በጥፊ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።»

ከአራት ወር ልፋት ምን ተረፈን? ሰባት ሙከራ። እያንዳንዳቸው አራት፣ አምስት ሰከንድ ናቸው። አንዷ እንዲህ ትላለች፤ «በር ሲንኳኳ ልቤ ሲርድ፣ አንተ ቀድመህ…»

አንተ ቀድመህ ምን? ቀድመህ ገባህ? ቀድመህ ከፈትህ? ቀድመህ አቀፍኸኝ? ሌሊት በራቸው ሲንኳኳ እነዚያ ሦስት ሴቶች ምን ብለው እንደተጽናኑ አናውቅም። ሽማግሌዎችን ሁሉ ዞሬ ጠይቄያለሁ። የሚያውቅ የለም። የምታውቀው አንዲት ሴት ናት፤ እዚህ ተቀምጠዋል፤ ሊነግሩን አይችሉም።

ወገኖቼ፣ ዛሬ ስለ ስንፍና አይደለም የምሰብከው። ስንፍና ቢሆን በቀለለኝ። ይህ ሰው ሰነፍ አይደለም፤ ለፍቷል። ለማን ብሎ? ለእማማ ብሎ። ይወዳቸዋል እኮ! ነገር ግን ያን ሁሉ ሰዓት ያሳለፈው ከእርሳቸው ጋር አይደለም፤ ከመስኮቱ ጋር ነው። ሲዘጋጅላቸው አመለጡት።

እናንተስ?

አንተ ከወንድምህ ጋር ልትታረቅ ነው። ከተጣላችሁ ስንት ዓመት ሆነ? አስታራቂዎቹ እስኪሟሉ ነው የምትጠብቀው። ስልክ ቁጥሩ እኮ በእጅህ ነው። አንቺ አባትሽን ከገጠር አምጥተሽ ልታሳርፊያቸው ነው፤ የእንግዳ ክፍሉ ሴራሚክ እስኪነጠፍ ነው የዘገየው። አባትሽ ሴራሚክ ጠየቁሽ? ልጅሽንስ «ነይ፣ አጠገቤ ተቀመጪ» ለማለት አሁን ምን ያስፈልጋል? እኛ ሽማግሌዎች ደግሞ የመበለቶች ጉብኝት ብለን ሠንጠረዥ ሠራን፤ ሠንጠረዡን በሁለት ስብሰባ አሻሻልን፣ በሦስተኛው አጸደቅን። ስንት መበለት ጎበኘን?

አሁን አንዳንዶቻችሁ «ፓስተር፣ ጌታ እኮ ይቅር ይላል» ልትሉኝ ነው። ይላል። አውቃለሁ፣ እርሱን ይዤ ነው የቆምኩት። እማማም ይቅር ብለዋል። መዝሙሮቹ ግን የሉንም። ይቅርታ አግኝተን መዝሙሮቹ የሉንም። ይህንን ሁለቱንም አብራችሁ ያዙልኝ፤ አንዱን ይዛችሁ ሌላውን አትጣሉብኝ።

ሰውየው በዚያ ፋይል የጻፈውን ከዚያ ወዲህ ደምስሶታል። አቋራጩን፣ ቀለሙን፣ ስድስት መቶውን መስመር። አንዲት መስመር ብቻ ማጥፋት አቃተው። እናም ዛሬም ለቢሮ ሥራ ያን መስኮት በከፈተ ቁጥር፣ «የትኛውን መዝሙር እንቅዳ?» ብሎ ይጠይቀዋል። በየእሑዱ ይጠይቀዋል።

ከመበታተናችን በፊት አንዷን ሙከራ አሰማችኋለሁ። እማማን ጠይቄያቸው ራሳቸውን ነቅንቀው ፈቅደዋል። ዞራችሁ አትዩአቸው፤ ስሙ ብቻ። አምስት ሰከንድ ናት። መጀመሪያ የእማማን ድምፅ ትሰማላችሁ። ከዚያ አንድ ወንድ «በቃ እማማ፣ ሰርቷል» ሲል ትሰማላችሁ። ማን ነው ብላችሁ አትድከሙ። እናንተም ቤት «በቃ» ተብሎ አፉን የዘጋ ሰው አለ፤ ማን እንዳለውም ታውቃላችሁ። ያ ሰው ዛሬ ገና አንደበቱ ካልተያዘ፣ ከዚህ ወጥታችሁ ወደ ሌላ ቦታ አትሂዱ። ወደ እርሱ ሂዱ፣ ተቀመጡ፣ ይጨርስ።

ወንድሜ፣ ድምፁን ክፈተው።