የእመት ሽኮኮ እግር

ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆቼ፤ ትልልቆቹም ስሙ። ድሮ፣ አውሬ ሁሉ እንደ ሰው ገበያ በሚወጣበት ዘመን፣ ስሙ በተረሳ አገር እመት ሽኮኮ የምትባል እናት ነበረች። ገብስና ሲናር ፈጭታ የሕፃናት አጥሚት ዱቄት ትሸጣለች። ዱቄቱን ቅል ውስጥ ትሞላና አፉን በጭቃ መርጋ፣ ጭቃው ሳይደርቅ እግሯን ታትምበታለች።

ግን ዝም ብላ አታትምም። መጀመሪያ ከዱቄቱ አጥሚት ሠርታ ለገዛ ልጇ ታጠጣለች። ልጇ ደኅና አድሮ፣ ጠዋት ከድንጋይ ድንጋይ ሲዘል ስታይ «ተመስገን» ብላ ታትማለች። ስለዚህ በአገሩ ያለች እናት ሁሉ «የሽኮኮ እግር ካለበት፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ አጠጪ» ትል ነበር።

እመት ሽኮኮን የሚያስጨንቃት አንድ ነገር ነበር፤ ንስር። እህል ልትለቅም ሜዳ በወረደች ቁጥር ጥላው በላይዋ ያልፋል። «ዛሬ ባልመለስ ልጆቼን ማን ያበላልኛል?» እያለች ትሰጋለች።

ይህን ያወቀ አያ ሸለምጥማጥ ዋሻዋ ደጅ መጣና «እመት ሽኮኮ፣ ምን በወጣሽ ትንከራተቻለሽ?» አላት። «እዚህ ጭቃ ላይ አንዴ ርገጪልኝ። አድርቄ በልኩ ማኅተም እቀርጻለሁ። እህሉንም ወፍጮውንም ለኔ ተዪው፤ አንቺ ቁጭ ብለሽ ድርሻሽን ብዪ።»

«ልጄ ሳይቀምሰው?»

«ያገር ዱቄት በአንድ ልጅ ሆድ ታሳድሪያለሽ እንዴ!»

እመት ሽኮኮ ቀና ብላ ሰማዩን አየች። ንስሩ ይዞራል። ረገጠችለት።

ከዚያ ወዲያ የሽኮኮ እግር ያልደረሰበት ገበያ ጠፋ። ከዋሻዋ ሳትወጣ በላች፤ ልጆቿም ወፈሩ። እንቅልፍ ግን እምቢ አላት። «እኔ ያልቀመስኩት፣ እግሬ ግን ያለበት ስንቱ ቤት ገብቶ ይሆን?» እያለች ትገላበጣለች።

አንድ ጠዋት ሚዳቋ እያለከለከች መጣች። «እመቴ፣ ግልገሌ ሆዱ ተነፍቶ መቆም አቃተው። ሌላውን ምግብ ሁሉ ትቼ ያንቺን ብቻ ነው የማጠጣው። እባክሽ አንድ ቅል ጨምሪልኝ» አለች፣ ያለቀውን ቅል ዘርግታ።

እመት ሽኮኮ ከቅሉ ሥር የቀረውን ቀመሰች። ጥርሷ ላይ ተንቋቋ። የወንዝ ዳር ነጭ አፈር! «ከእንግዲህ ይኼን ጠብታ እንዳታጠጪው» ብላ የራሷን ንጹሕ ገብስ አስያዘቻት። ምክንያቱን ግን ሳትነግራት ሸኘቻት።

ወደ ሸለምጥማጥ በረረች። «አንተ! ለልጅ አፈር ታበላለህ?»

«ቀስ በይ፣ ጎረቤት ይሰማል። መላ አለኝ፤ እግርሽን አጥፍተን አደይ አበባ እናትምበታለን። ገበያ አዲስ ነገር ይወዳል።»

«የታመሙትስ?»

«የታመሙት የእግሩን ጠጥተው ነው፤ በአበባው ማን ታመመ?»

እመት ሽኮኮ ተጨነቀች። ብትናገር ከእንግዲህ የሚያምናት የለም፤ ልጆቿም ይራባሉ። ዝም ብትል ደግሞ ይኼኔ አንዷ እናት ዓይኗን ጨፍና እያጠጣች ነው። «አምላኬ፣ አንተ ጋርደኝ» አለችና ንስሩ በሚዞርበት ሜዳ ሮጣ ገበያ ደረሰች። ድንጋይ ላይ ወጥታ ጮኸች፦ «እናቶች! የኔ እግር ካለበት ዓይናችሁን ግለጡ! አፈር አለበት። ሳልቀምስ እግሬን ያዋስኩት እኔ ነኝ!»

ገበያው ተተራመሰ። ተከትሏት የደረሰው ሸለምጥማጥ «አብዳለች! ዱቄቱ እንደ ወተት የነጣ ነው» አለ።

የገበያው ዳኛ ሽማግሌው ዝሆን፣ «እንግዲያው እንደ ልማዷ ይሁን። አጥሚቱ ይሠራ፤ አንተም ቀድመህ ቅመስ» አለው።

«ኧረ እኔስ... ዛሬ ጾም ይዣለሁ።»

«ጾመኛው!» አለች አንዲት ዶሮ ከኋላ፣ «መጀመሪያ ጢምህ ላይ ያለውን የእህቴን ላባ አራግፍ!»

ሳቁም ቁጣውም ባንድ ተነሣ። ሸለምጥማጥ ተደብድቦ ከገበያ ተባረረ፤ ይኸው እስከ ዛሬ በቀን ፊቱን አያሳይም። እናቶቹ ቅሉን ሁሉ ሰበሩት። የሚዳቋም ግልገል ከስንት ጭንቅ በኋላ ቆመ።

እመት ሽኮኮ እንደ ድሮዋ ራሷ ለቅማ፣ ለልጇ አስቀምሳ ማተም ጀመረች። ገዢ የመጣላት ግን ቆይቶ ነው፤ የመጣችውም ዓይኗን አልጨፈነችም። ሽኮኮ ዛሬም ዋሻዋ አፍ ላይ ቆማ ግራ ቀኝ ታያለች። ንስሩን ፈርታ ነው ይላሉ፤ እኔ ግን እግሯ የት የት እንደገባ የምትፈልግ ይመስለኛል።

ተረቴን እዚህ አሳረፍኩ፤ እናንተ ቃሉን ያዙ፦ እግሩን ያዋሰ፣ ከማያውቀው ደረሰ።